መጋረጃው እና እልፍኝ አስከልካዩ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሲስተም እየሠራሁ ነው። ተራው ሠራተኛ ሲገባ ‹አጽድቅ› እና ‹ሰርዝ› የሚሉት በተኖች እንዳይታዩት፣ ኃላፊው ሲገባ ግን እንዲታዩት እፈልጋለሁ። እንዴት ነው የሚደረገው?»

አጭሩ መልስ ጥቂት መስመር ኮድ ነው፣ ልኬለታለሁ። ረጅሙን መልስ ግን እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ጥያቄው ከኮምፒውተር በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። አንድ ቤት፣ ብዙ ሰው፣ ለእያንዳንዱ እንደ ደረጃው የሚታይ ነገር። ይኼ እኮ የግብር አዳራሽ ነው! ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ደሴ ላይ ያደገ ሰው አይጠየፍን ያውቃል። ከፒያሳ ቡና ቤት ተነስታችሁ ሄዳችሁ አይታችሁት የማታውቁ ካላችሁ ሂዱና እዩት። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ ራሱ አዋጅ ነው፣ ቤቱ ማንንም አይጠየፍም ማለት ነው። ሰውየው መሐመድ አሊ ተብለው የተወለዱ የወሎ መስፍን ናቸው። በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፣ ልጃቸው ኢያሱ የምኒልክ አልጋ ወራሽ ሆነ፣ በ1906 ዓ.ም ደሴ ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ሰገሌ ላይ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም ተሸንፈው ተማረኩ። አዳራሹ ግን ቀረ፣ ስሙም ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ማንንም የማይጠየፍ ቤት ማለት ሁሉም እኩል የሚያይበት ቤት ማለት ነው? በፍጹም አይደለም። የድሮው ግብር በሩ ሰፊ ነው፣ ውስጡ ግን በሙሉ ደረጃ ነው።

የግብር ሥርዓት በደንብ ተጽፎ የቀረልን የምኒልክ ግቢ ነው። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የቤተ መንግሥቱን ደንብ ለትውልድ አስቀምጠውልናል፣ የውጭ አገር እንግዶችም ያዩትን ጽፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ከፍ ባለ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ዙሪያቸው መጋረጃ ተጋርዶ ነው የሚበሉት። ሲበሉ የሚያያቸው የተመረጠ ሰው ብቻ ነው። እሳቸው ሲጨርሱ መጋረጃው ይገለጣል፣ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ይቀርባሉ፣ ከዚያ ዝቅ ያለው ሹም፣ ከዚያ ወታደሩ በተራ በተራ፣ እየበላ እየወጣ። የበሬው ብልት ሳይቀር ባለቤት አለው። ሽንጡ ለማን፣ ጎድኑ ለማን፣ ዳቢቱ ለማን እንደሚደርስ የታወቀ ነው። ጠጁም አንድ አይደለም። ከላይ የሚቀዳው የጠራ ነው፣ ወደ ታች በሄደ ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል። አንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ፣ አንዱ ያየውን ሌላው ሳያየው፣ ሁለቱም «ግብር በላሁ» ብለው ይወጣሉ። የዛሬ ልጆች ይኼንን ዳሽቦርድ ይሉታል።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ የሚያስጠብቀው ምንድን ነው? ብዙ ሰው መጋረጃው ይመስለዋል። መጋረጃ ግን ጨርቅ ነው። እጅ ይገልጠዋል፣ ነፋስም ይገልጠዋል። የሚያስጠብቁት ሰዎች ናቸው፣ ማዕረጋቸውም ሥራቸውን ይናገራል። አጋፋሪው አለ፣ በር ላይ ቆሞ ማን እንደሚገባና የት እንደሚቀመጥ የሚለይ። ሊጋባው አለ። አሳላፊው አለ፣ ምግቡንና መጠጡን ለባለ ድርሻው የሚያደርስ። ከሁሉም የምወደው ስም ግን «እልፍኝ አስከልካይ» ነው። ሹመቱ ራሱ ሥራው ነው፤ እልፍኙን ያስከለክላል። መጋረጃው ቢገለጥም ባይገለጥም፣ እሱ ሳያውቅህና ሳይፈቅድ አታልፍም።

ለጠየቀኝ ልጅ የጻፍኩት ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ በተን መደበቅ መጋረጃ ነው፣ እልፍኝ አስከልካይህ ግን ሰርቨሩ ላይ ነው የሚቆመው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

መጋረጃው በአገራችን ምን ያህል አሮጌ እንደሆነ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል የፖርቱጋል ቄስ ከዶን ሮድሪጎ ደ ሊማ መልእክተኞች ጋር እ.ኤ.አ በ1520 መጥቶ፣ ስድስት ዓመት እዚህ ቆይቶ ያየውን ጽፏል። አፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ደርሰው ንጉሡን ወዲያው አላዩም። ቃል በመልእክተኛ ይመጣል፣ ቃል በመልእክተኛ ይመለሳል፣ እንግዳው ውጭ ይጠብቃል። በመጨረሻ ሲቀርቡ እንኳ መጋረጃዎች ነበሩ፣ የንጉሡንም ፊት አፍና ጢሙን የሚሸፍን ሰማያዊ ሐር ይጋርደው ነበር፣ እሱም አልፎ አልፎ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ተመሳሳይ ነገር ያያል። ንጉሡ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ችሎት ይሰማል፣ ቃሉን ተቀብሎ የሚያሰማው «ቃለ ሐፄ» ነው። በኋለኛው ዘመን ዳኛውን «አፈ ንጉሥ» ያልነው ከዚሁ አስተሳሰብ ነው፤ ንጉሡ አይናገርም፣ አፉ ይናገራል።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ሐይቅ አለ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን ያጸኑት ገዳም ነው። የገዳሙ አበምኔት የሚይዘው ማዕረግ «አቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር፣ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። የማንን ሰዓት? የንጉሡን። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን አቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ወደ ንጉሡ ከሚቀርቡት እጅግ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር፣ ከዚህም የተነሣ በቤተ መንግሥቱ ከኃያላኑ ተቆጠረ። ጦር ስለነበረው አይደለም፣ መግቢያውን ስለያዘ ነው። ሲስተም አድሚን ሁላችሁ፣ አባታችሁ ሐይቅ ናቸው ብል አትቀየሙኝ።

መግቢያ የያዘ ሰው ኃያል መሆኑ በ20ኛው መቶ ዘመንም አልቀረም። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከ1933 እስከ 1947 ዓ.ም የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነው ሲሠሩ፣ ወደ ጃንሆይ የሚገባው ወረቀት፣ ከጃንሆይ የሚወጣውም ትእዛዝ በእጃቸው ያልፍ ነበር። ከሥልጣን ሲነሡ ያ ሁሉ ኃይል ከቢሮው ጋር ቀረ።

መጋረጃ ግን ሁልጊዜ ከውጭ ያለውን ብቻ አይደለም የሚያሞኘው። ምኒልክ ታመው አንደበታቸው ሲያዝ፣ በ1901 እና በ1902 ዓ.ም፣ ከእልፍኝ የሚወጣው ቃል የማን ነው የሚለው የአገር ጥያቄ ሆነ። እቴጌ ጣይቱ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ሹም ሲሾሙና ሲሽሩ መኳንንቱ አላምን አሉ፣ በመጋቢት 1902 ዓ.ም ተሰብስበው እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም ሲያርፉ ደግሞ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። መጋረጃው ሲጠብቅ ማን እንደተከለከለ ብቻ ሳይሆን፣ ከውስጥ የሚናገረው ማን እንደሆነም ይጠፋል። በማኅተምና በጸሐፌ ትእዛዝ የምንተማመነው ለዚህ ነበር። ወረቀቱ ከመጋረጃ ጀርባ መምጣቱ ማስረጃ አይሆንም፣ ማኅተሙ ነው ማስረጃው። ዛሬም በኮምፒውተር ዓለም ያው ነው፤ ዲጂታል ፊርማ የምንለው የማኅተም ልጅ ነው።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። እ.ኤ.አ በ1961 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኤምአይቲ አንድ ኮምፒውተር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበት ሲስተም ሠራ፣ ሲቲኤስኤስ ይባላል። ብዙ ሰው አንድ ቤት ገባ ማለት ነው። ወዲያው አጋፋሪ አስፈለገ፤ ፓስዎርድ መጣ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ተመራማሪ የፓስዎርዱን ፋይል ሙሉ በሙሉ በወረቀት አትሞ አወጣው፣ ምክንያቱም የተመደበለት የኮምፒውተር ሰዓት አልበቃውም! እ.ኤ.አ በ1975 ሳልትዘርና ሽሮደር የሚባሉ ሁለት ሰዎች እስከ ዛሬ የምናስተምረውን ጽሑፍ አወጡ። ከመርሆዎቹ አንዱ፣ በእኛ ቋንቋ ስንለው፣ «እልፍኝ አስከልካይ እንቅልፍ የለውም» ነው፤ አንድ ሰው አንድን ነገር በነካ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ጊዜ፣ መብቱ ይፈተሽ። ትናንት አሳልፌዋለሁ ተብሎ ዛሬ አይለፍ።

ከዚያ እ.ኤ.አ በ1992 ፌራዮሎና ኩን የሚባሉ አሜሪካውያን መብት ለሰው ሳይሆን ለሚና ይሰጥ አሉ። ሰው ሚና ይያዝ፣ ሚናው መብት ይያዝ። ሲነሣ ሚናውን ብቻ ንጠቁት። ክፍል ውስጥ ይኼን ሳስተምር ተማሪ ሁሉ ፊቱ ይዳምናል፣ «ማደሪያ እና ርስት» ስላቸው ግን ይበራል። ርስት የሰውየው ነው፣ ከአባቱ ወርሶ ለልጁ ያወርሳል፣ ቢሾምም ቢሻርም አይለቀውም። ማደሪያ ግን የሥራው ነው። አገልግሎት ላይ እስካለህ ትበላበታለህ፣ ስትሻር ለተተኪህ ይሄዳል። በየመሥሪያ ቤቱ የማያቸው ሲስተሞች ችግራቸው ማደሪያ መሆን የነበረበት መብት ርስት ሆኖ መቅረቱ ነው። ሰውየው ከተዛወረ ሦስት ዓመቱ፣ አካውንቱ ግን አሁንም «አጽድቅ» ይላል። ሹም ሽርን አባቶቻችን በአዋጅና በነጋሪት ያደርጉት ነበር፣ እኛ አንድ ምልክት ማንሳት ያቅተናል።

አሁን ዋናው ነጥብ። ዌብ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ በ1991 ነው፣ ጃቫስክሪፕት ደግሞ በ1995 መጣ። ከዚያ ወዲህ ገጹ ሰውየው ኮምፒውተር ላይ ከደረሰ በኋላ መለዋወጥ ቻለ፤ ይኼ ይታይ፣ ያ ይደበቅ። ቆንጆ ነገር ነው። ግን አስቡት፣ የግብር አዳራሹ መጋረጃ የተሰቀለው በንጉሡ ቤት ነው። የዌብ ገጽ መጋረጃ የሚሰቀለው በእንግዳው ቤት ነው! ገጹን ጠቅልለህ ቤቱ ድረስ ልከህለት፣ «እባክህ ይኼን ጨርቅ አትግለጥ» እያልከው ነው። ጨርቁን ለመግለጥ ጠላፊ መሆን አያስፈልግም። ማንኛውም ብራውዘር ላይ የገጹን ኮድ የሚያሳይ መስኮት አለ፣ የተደበቀውን በተን በአንድ ጠቅታ ያወጣዋል። በተኑን ባያወጣውም፣ በተኑ የሚልከውን ጥያቄ ራሱ ጽፎ መላክ ይችላል።

በመመረቂያ ፕሮጀክት መከላከያ ላይ ከስንት ቡድን ጋር ተከራክሬበታለሁ። «ተማሪው ውጤት መቀየር አይችልም፣ በተኑ አይታየውም» ይላሉ። አድራሻው ላይ ያለውን ቁጥር አንድ ጨምሬ ስጽፍ የሌላ ተማሪ ውጤት ይመጣል። ክፍሉ ዝም ይላል። ይኼ የተማሪ ጉዳይ ብቻ ደግሞ አይምሰላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ፈርስት አሜሪካን የሚባል የቤት ርስት ዋስትና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2019 ዓለም የታዘበበት ነገር ይኸው ነው። 885 ሚሊዮን ያህል የሰው ሰነድ፣ የባንክ ቁጥር ያለበት፣ የግብር ወረቀት ያለበት፣ ሊንኩ ላይ ያለውን ቁጥር ለቀየረ ሁሉ ይከፈት ነበር፣ ፓስዎርድ እንኳ ሳይጠይቅ። ኦዋስፕ የሚባለው የዌብ ደኅንነት ማኅበር እ.ኤ.አ በ2021 ባወጣው የዌብ አደጋዎች ዝርዝር የመብት ቁጥጥር መሰበርን ከአምስተኛ ወደ አንደኛ አወጣው። ሰው አጥቶ አይደለም፣ መጋረጃ አምኖ ነው።

ስለዚህ መደበቁ ጥቅም የለውም ማለቴ ነው? አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ለማይመለከተው ሰው ሃያ በተን መደርደር ማደናገር ነው፣ ማሳሳትም ነው። ማዕረጉን ያላገናዘበ ገጽ እንግዳን ያሳቅቃል። መጋረጃው ለጨዋነት ነው፣ ጥበቃው ለእልፍኝ አስከልካይ ነው። ሁለቱን ሥራ ለአንዱ አትስጡ።

ሌላም የሚጠይቁኝ አለ። ይደበቅ ወይስ ደብዝዞ ይታይ? ደብዝዞ የሚታይ፣ ቢነኩት የማይሠራ በተን ደጅ ጥናት ነው። ባለጉዳዩ ነገሩ እንዳለ ያውቃል፣ ቀኑ ሲደርስ እንደሚገባ ያውቃል፣ ይጠብቃል። ቅጹን ሞልቶ ሲጨርስ የሚሠራ በተን ከሆነ ደብዝዞ ይታይ፣ ምክንያቱንም ጻፉለት። መቼም የማይደርሰው ከሆነ ግን ደጅ አታስጠኑት፣ ደብቁት። ዕድሜ ልኩን ደጅ የጠና ሰው ምን እንደሚሰማው አያቶቻችን ያውቁታል።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ሰፈራችን ይታዘበኛል። ፒያሳ የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ደሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም በጣሊያን እጅ ወደቀች፣ እስከ 1933 ዓ.ም ቆየች። ፋሺስቶቹ ሰውን በሚና ሳይሆን በቆዳ ለዩት። እ.ኤ.አ በ1937 ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በሕግ ከለከሉ። በ1939 ደግሞ ቁጥሩ 1004 የሆነ ሕግ አወጡ፣ ርእሱ የዘር ክብርን ስለማስጠበቅ ይላል። ለአገሬው ሰው ተብሎ በተለየ ቤት የሚያዘወትር ጣሊያናዊ ይቀጣል። አዲስ አበባ ላይ የነጭ ሰፈር እና የአገሬው ሰፈር ብለው ከተማ ነደፉ፣ ገበያውንም ለዩ። ይኼም እንግዲህ «ለማን ምን ይታይ» የሚል ደንብ ነው። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ሹመት ይሰጣል፣ ይነሣል። ቆዳ አይሻርም። ለማይሻር ነገር መብት ያሰረ ሲስተም፣ ኮዱ ቢያምርም ባያምርም፣ እኔ አልፈርምበትም።

በተቃራኒው የወሎን ሠርግ ተመልከቱ። የክርስቲያኑ ሥጋ ለብቻ ይታረዳል፣ የሙስሊሙ ለብቻ። ድስቱም ለየብቻ፣ አሳላፊውም ብዙ ጊዜ ለየብቻ። ከሩቅ የሚያይ ሰው መለያየት ይመስለዋል። እኛ ግን እናውቀዋለን፣ ሁለቱም ወገን በአንድ ሠርግ ላይ ተገኝቶ፣ ሆዱ ሳይሳቀቅ በልቶ እንዲሄድ ነው። ደጋሹ ጎረቤቱን ስላልተጠየፈ ነው ሁለት ጊዜ የሚያርደው። አይጠየፍ የሚለውን ስም እኔ የምተረጉመው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ የሚሆነው ቀርቦለታል፣ የማይሆነው አልተደቀነበትም፣ ማንም ከበር አልተመለሰም።

አሁን አገራችን ውስጥም ነገሩ ከጨዋታ አልፏል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም ወጥቷል፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ በ2016 ዓ.ም። የጣት አሻራችንና ስልካችን፣ የልጆቻችን ውጤት፣ የሆስፒታል ካርዳችን፣ ሁሉም አንድ ቦታ ሰርቨር ላይ እየተቀመጠ ነው። አዋጁ ያለ ፈቃድ አይታይ ይላል። አዋጁን የሚፈጽመው ግን አንድ ወጣት ነው፣ ማታ አምሽቶ ኮድ የሚጽፍ፣ ምናልባት ከእናንተ አንዱ። በተኑን ደብቆ ወደ ቤቱ ይሂድ፣ ወይስ ሰርቨሩ ላይ «ይኼ ሰው ማነው? ዛሬ ምን ሹመት አለው? ይኼኛውን ፋይል እንዲያይ ተፈቅዶለታል?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በእያንዳንዱ መግቢያ ላይ ይጻፍ? ሁለቱም ገጾች ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። አለቃውም ልዩነቱን አያይም፣ ክፍያውም ያው ነው።

ለጠየቅከኝ ልጅ፦ የላኩልህ ኮድ የመጋረጃው ነው። የእልፍኝ አስከልካዩን ነገ ማታ እልክልሃለሁ፣ እስከዚያው ሲስተሙን እንዳታስረክብ።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። አይጠየፍ ውስጥ ግብር ሲበላ ማን የት ይቀመጥ እንደነበር፣ ጠጁ እንዴት ይቀዳ እንደነበር፣ ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ እንዴት ይታረድ እንደነበር ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ ጻፉልኝ። የምኒልክ ግቢ ተጽፎለታል፣ የእኛው ግን ብዙው በሽማግሌዎች አፍ ላይ ነው ያለው። በተለይ ቤተሰባቸው አጋፋሪ ወይም አሳላፊ የነበሩ፣ እናንተን ነው የምፈልገው።